የሕፃናት የስኳር ሕመም፦ ምልክቱን በጊዜ ማወቅ፣ ኢንሱሊንን አለማቋረጥ፣ ቤተሰብን መደገፍ

የስኳር ሕመም ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት በዕድሜ የገፋ፣ ሰውነቱ የከበደ የከተማ ነዋሪን ነው። ሕመሙ ግን በገጠር ቀበሌ ከብት የሚጠብቅን የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ጡት ያልጣለን ሕፃንም ጭምር ሊይዝ ይችላል። በልጆች ላይ ሲከሠት አካሄዱ ከአዋቂዎች የተለየ ነው። በአዋቂ ላይ ዓመታት የሚፈጀው ጉዳት በልጅ ላይ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ይሆናል።

ለመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ላሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የለጋምቦ፣ የአማራ ሳይንትና የመሀል ሳይንት ወረዳዎች ነዋሪዎች ይህ ፍጥነት ከባድ ፈተና ነው። አካባቢው ከለጋምቦ ውርጫማ ደጋ እስከ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ድረስ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከብዙ ቀበሌዎች ጤና ተቋም ለመድረስ ረጅም የእግር መንገድ ያስፈልጋል። በዚህ ሁኔታ የልጁ ሕይወት በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ ምልክቱን ቀድሞ በሚያውቅ ሰውና በማይቋረጥ ኢንሱሊን። ሁለቱም ከሐኪም እጅ ይልቅ በቤተሰብ፣ በመምህርና በጎረቤት እጅ ያሉ ናቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ የሚበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ድንች በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጥና በደም አማካኝነት ወደ መላ ሰውነት ይሠራጫል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍተው ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኢንሱሊንን የሚያመነጨው ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት ነው። በልጆች ላይ በብዛት በሚታየው ዓይነት 1 የስኳር ሕመም፣ በሽታን ሊከላከል የሚገባው የሰውነት ኃይል በስሕተት የራሱን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ያጠፋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱ ግን በምግብ መካከል ሆነው ይራባሉ።

በአዋቂዎች ላይ የሚበዛው ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ከዚህ ይለያል። በዚያ ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን አያቆምም፤ ሰውነት ግን በአግባቡ አይጠቀምበትም። ስለሆነም ብዙ አዋቂዎች በሚዋጥ እንክብል መታከም ይችላሉ። ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ግን ኢንሱሊን በመርፌ ካልተሰጠው በሕይወት ሊቆይ አይችልም። አያቱ ወይም ጎረቤቱ የሚወስደውን እንክብል ለልጁ ማካፈል የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሕመሙ መነሻ ስኳር ወይም ማር መብላት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት ወይም በመሳሳም አይያዝም። የወላጅ ጥፋት፣ እርግማን ወይም የቡዳ ዓይን ያመጣው አይደለም። ወላጆች ይህን ገና ከጅምሩ መረዳታቸው ራሳቸውን ከመውቀስና ልጁን ከመደበቅ ያድናቸዋል።

በኢትዮጵያ ገጠር በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው የስኳር ሕመም ሁሉ ግን በዚህ ገለጻ ብቻ አይጠቃለልም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የገጠር ሕሙማን ቀጫጮችና በድህነት ያደጉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘው የስኳር ሕመም በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ እ.አ.አ በ1985 ቦታ አግኝቶ በ1999 ተሠርዞ ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.አ.አ በ2025 ባንኮክ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ደግሞ ዓይነት 5 የስኳር ሕመም ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ድርቅና ረሃብ ደጋግመው ለጎበኙት ወሎ ይህ እንግዳ ዜና አይደለም። ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርትም ግልጽ ነው፦ የስኳር ሕመም የጥጋብ በሽታ ብቻ አይደለም፤ የከሳ የገበሬ ልጅንም ይይዛል።

አራቱ ምልክቶች

ወላጅ ወይም መምህር ሊያውቃቸው የሚገቡ አራት ዋና ዋና ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ውኃ ጥም ነው፤ ልጁ ሌሊት ሳይቀር እየተነሣ ውኃ ይጠጣል። ሁለተኛው ሽንት ማብዛት ነው፤ ከክፍል ደጋግሞ እየወጣ ይሸናል፤ መኝታ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅም እንደገና ይጀምራል። ሦስተኛው እየበላ መክሳት ነው። አራተኛው ድካም ነው፤ ከእኩዮቹ ጋር ይሮጥ የነበረ ልጅ መቀመጥና መተኛት ያበዛል። በሽንቱ ውስጥ ስኳር ስለሚወጣ፣ አንዳንዴ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ ይታያል።

እነዚህ ምልክቶች ታይተው ሕክምና ካልተገኘ ሰውነት ስኳርን መጠቀም ስላቃተው ስብን ማቃጠል ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኬቶን የተባለ አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ልጁ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ያመዋል፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ከአፉም እንደበሰለ ፍራፍሬ ያለ ሽታ ይወጣል። ከዚያ ይፈዝዛል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ይህ ደረጃ ሰዓታት የሚቆጠሩበት ድንገተኛ አደጋ ነው።

ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ከሌሎች ሕመሞች ጋር በቀላሉ መምታታቸው ነው። ትውከቱና የሆድ ሕመሙ ወስፋት ወይም ታይፎይድ፣ ፈጣኑ ትንፋሽ የሳንባ ምች፣ ድካሙና መፍዘዙ ወባ ሊመስሉ ይችላሉ። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ ቡዳ እንደበላው ወይም መንፈስ እንደያዘው ያስባል። በዚህ መካከል ውድ ቀናት ያልፋሉ። ሳይታወቅላቸው ያረፉ ልጆች ሞትም በሌላ በሽታ ስም ይመዘገባል፤ ወይም ሳይመዘገብ ይቀራል።

ምልክቱን ማወቅ ብቻውን ሕይወት እንደሚያድን ከጣሊያን ፓርማ ከተማ የተገኘው ልምድ ያስረዳል። በፓርማ አውራጃ እ.አ.አ ከ1987 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት አዲስ የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው ልጆች መካከል 78 በመቶ የሚሆኑት ወደ ሕክምና የደረሱት ደማቸው በኬቶን ከተመረዘ በኋላ ነበር። ከዚያም ሐኪሞች ስለ ውኃ ጥም፣ ስለ ሽንት መብዛትና መኝታ ስለማርጠብ የሚጠይቅ ቀላል ሥዕላዊ ማስታወቂያ በየትምህርት ቤቱና በየሕፃናት ሐኪሙ ዘንድ ለጠፉ። እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ቁጥሩ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። ለውጡን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን መምህራንና ወላጆች በጊዜ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። የዚህ ዓይነት ማስታወቂያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየጤና ኬላውና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ቢለጠፍ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው።

አንድ ጠብታ ደም

ሕመሙን ለመለየት የሚያስፈልገው ከጣት ጫፍ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደምና አነስተኛ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ነው፤ ውጤቱም ወዲያውኑ ይታወቃል። ምልክቶቹ ባሉበት ልጅ ላይ በማንኛውም ሰዓት የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ምግብ ሳይበላ ያደረ ልጅ ደም ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ የስኳር ሕመም መኖሩን ያመለክታል። መለኪያ በሌለበት ቦታ በሽንት ውስጥ ስኳርና ኬቶን መኖሩን የሚያሳይ የሽንት ምርመራም ይጠቅማል።

ወላጅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ሲያደርስ "ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ከስቷል፤ ስኳሩ ይለካልኝ" ብሎ በግልጽ ቢናገር ምርመራው ይፋጠናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ እነዚህን ምልክቶች ቢጠይቁ ብዙ ልጆች ቀድመው ይደረስላቸዋል። ሕመሙ የተገኘበት ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል፤ "ነገ በገበያ ቀን እወስደዋለሁ" የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ለመካነ ሰላም ዙሪያ ነዋሪዎች ቅርቡ የመካነ ሰላም ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሕክምና ያስፈለገው ልጅ ወደ ደሴ ይላካል። ከገጠር በቃሬዛ ወይም በበቅሎ የሚመጣ ልጅ ካልፈዘዘና መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ ውኃ ሊሰጠው ይገባል።

ኢንሱሊን፦ የማይተካው መድኃኒት

ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ልጁን በማስራብ ሞቱን ለጥቂት ጊዜ ማዘግየት ብቻ ነበር። እ.አ.አ በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። በጥር ወር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን በዚህ መድኃኒት የታከመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው። የባንቲንግ የልደት ቀን የሆነው ኖቬምበር 14፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአብዛኛው ኅዳር 5፣ ዛሬ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይከበራል።

ኢንሱሊን ቢዋጥ በጨጓራ ውስጥ ስለሚፈጭ ሊሰጥ የሚችለው ከቆዳ ሥር በሚወጋ መርፌ ነው። ጭን፣ ሆድ፣ የክንድ የላይኛው ክፍልና መቀመጫ የሚወጉ ቦታዎች ናቸው። አንድ ቦታን ደጋግሞ መውጋት ቆዳውን ስለሚያጠጥርና መድኃኒቱ እንዳይሠራጭ ስለሚያደርግ ቦታውን መለዋወጥ ያስፈልጋል። ደፍራሳው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት ጠርሙሱ በመዳፍ መካከል በዝግታ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን በአንድ መርፌ የሚቀዳ ከሆነ ጥሩው ቀድሞ፣ ደፍራሳው ቀጥሎ ይቀዳል። ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ተቋም ይመለሳል፤ ለሌላ ሰውም ፈጽሞ አይሰጥም።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ብዙ ቤተሰብን የሚያሳስት ነገር ይከሠታል። ሳይጠፉ የቀሩት ጥቂት የቆሽት ሕዋሳት ከድካማቸው አገግመው ለጊዜው ኢንሱሊን ማመንጨት ይጀምራሉ። የልጁ ስኳር ይስተካከላል፤ የሚያስፈልገው መጠንም ይቀንሳል። ወላጅ "ልጄ ዳነ" ብሎ ይደሰታል፤ በዚያ ሰሞን ጸበል የጠጣ ወይም የባህል መድኃኒት የወሰደ ከሆነም ያ እንደፈወሰው ያምናል። ይህ እፎይታ ግን ጊዜያዊ ነው። በዚህ ወቅት ኢንሱሊን ያቆመ ልጅ ሕመሙ ሲመለስበት ከመጀመሪያው በከፋ ሁኔታ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑን መቀነስ ካስፈለገ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ኢንሱሊን ልጁ ሲታመምም አይቋረጥም። ልጅ ሲያስመልሰው ወይም ምግብ ሲያስጠላው "ባዶ ሆዱን እንዴት ይወጋል?" ብሎ መርፌውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። በትኩሳትና በሌላ ሕመም ጊዜ የደም ስኳር ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ መጠኑ በባለሙያ ምክር ይስተካከላል እንጂ ኢንሱሊኑ ጨርሶ አይቀርም። ትውከቱ ካላቆመ ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው። አብሽ፣ ፌጦ፣ ሽፈራውና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችም በዓይነት 1 ሕመም የኢንሱሊንን ቦታ ሊተኩ አይችሉም።

በውርጭና በቆላ ኢንሱሊንን መጠበቅ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። በአገልግሎት ላይ ያለው ጠርሙስ ግን ከሙቀትና ከፀሐይ ከተጠበቀ ለአራት ሳምንታት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቆይ ይችላል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የነበረውን የሙቀት ሁኔታ መነሻ በማድረግ እ.አ.አ በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አረጋግጧል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው የገበሬ ቤትም ኢንሱሊንን በአግባቡ መያዝ ይችላል።

በቆላማ ቀበሌዎች የሚመከረው ዘዴ የሸክላ ማሰሮ ነው። ትንሹ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በየዕለቱ በውኃ ይርሳል። ኢንሱሊኑ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባና አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥፍራ ሲቀመጥ የሚተነው ውኃ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል።

በደጋው በኩል አደጋው ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም ኃይሉ ስለሚጠፋ መጣል አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ከፍታዎች መድኃኒቱን በጣሪያ ሥር፣ በመስኮት አጠገብ ወይም በዕቃ ቤት ማሳደር አይገባም፤ ከምድጃ አጠገብም አይቀመጥም። ሰው በሚያድርበት ቤት መካከለኛ ሙቀት ባለው ቦታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መቀመጡ ይሻላል። በጉዞ ጊዜም በበቅሎ ጭነት ወይም በመኪና ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከሰው ጋር መያዝ አለበት። ማቀዝቀዣ ያለው የከተማ ነዋሪም ጠርሙሱን በረዶ ከሚሠራው ክፍል ማራቅ ይጠበቅበታል።

የደም ስኳር ሲወርድ

የኢንሱሊን መጠን ሲበዛ፣ ምግብ ሲዘገይ ወይም ልጁ ብዙ ሲሮጥና ሲሠራ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ልጁ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ በድንገት ይርበዋል፤ ይነጫነጫል ወይም ነገሩ ይዘበራረቅበታል። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ያስፈልገዋል። ለትልቅ ልጅ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ይበቃል፤ ለትንሽ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ይሆናል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ይደገማል። ከዚያም እንጀራ ወይም ዳቦ ይበላል። ቆሎ ለመንገድ ስንቅ ጥሩ ቢሆንም ወደ ስኳርነት የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነውና በዚህች ሰዓት አይደርስም፤ የሚያድነው ስኳር ወይም ማር ነው።

ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ምግብም ሆነ መጠጥ በአፉ ማፍሰስ ያንቀዋል። በጎኑ ማስተኛት፣ በውኃ የረሰ ጥቂት ስኳር በድዱና በጉንጩ ውስጥ ማሸትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ስኳር በኪሱ ወይም በደብተር መያዣው ሳይዝ ከቤት የማይወጣ ልጅ፣ ያንንም የሚያውቅ ባልንጀራ ያለው ልጅ ከብዙ አደጋ የተጠበቀ ነው።

ምግብ፣ ጾምና ጸበል

"ስኳር ስላለበት አይብላ" የሚለው አባባል ልጁን ይጎዳዋል። ልጅ ለማደግ መብላት አለበት። የጤፍና የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ሁሉ ለእርሱ የተፈቀዱ ናቸው። የሚፈለገው ምግቡ ከመርፌው ጋር በሰዓቱ መገጣጠሙ፣ መጠኑም ከቀን ቀን ብዙ አለመለዋወጡ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ስኳር ለወረደበት ጊዜ ብቻ ቢቀመጡ ይመረጣል። ለልጁ ለብቻው የሚሠራ ወጥ አያስፈልግም፤ ለእርሱ የሚስማማው ምግብ ለቤተሰቡም ይስማማል።

የአካባቢው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነዋሪ ጾም አክባሪ ነው። የጾም ምግብ ራሱ ለስኳር ሕመምተኛ ልጅ ችግር የለውም፤ አደጋው ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው። ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ የሚውል ልጅ ስኳሩ ይወርዳል፤ ለመጾም ብሎ ኢንሱሊን የተወ ልጅ ደግሞ ስኳሩ ከመጠን በላይ ይወጣል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛና ለሕፃን የሚራሩ ናቸው። ይህን ለልጁና ለአያቶቹ የንስሐ አባት ወይም ሼህ ቢነግራቸው ከማንም ይልቅ ይሰማሉ።

የጸበል ጉዳይም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚታይ ነው። ጸበል መጠመቅና መጸለይ ከኢንሱሊን ጋር አይጋጭም፤ ሕይወት የሚያልፈው መድኃኒቱ በቤት ሲቀር ነው። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አጣምረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ብዙዎችን ረድቷል። ያ ትምህርት ለስኳር ሕመምም ይሠራል፦ ልጁ ወደ ጸበል ሲሄድ ኢንሱሊኑ፣ ስንቁና ስኳሩ አብረውት ይሂዱ።

ትምህርት ቤትና እረኝነት

የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ እንደ እኩዮቹ መማር፣ መጫወትና መሥራት ይችላል። ለዚህ ግን መምህሩ ሕመሙን ማወቅ አለበት። ልጁ ሲጠማው እንዲጠጣ፣ ሽንቱ ሲመጣ እንዲወጣ፣ በሰዓቱ መክሰስ እንዲበላ መፍቀድ ለእርሱ ልዩ ችሮታ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እንዲበላ፣ በፈተና ሰዓትም ስኳር ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለት። በክፍል ውስጥ በድንገት የሚፈዝ ወይም የሚነጫነጭ ልጅ እንደ ሰነፍ ወይም ባለጌ ከመቆጠሩ በፊት ስኳሩ መውረዱ ሊታሰብ ይገባል።

ከብት ጥበቃ፣ እንጨት ለቀማና አጨዳ ጉልበት የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ቀናት ልጁ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ የኢንሱሊን መጠኑም ባለሙያው ባስተማረው መሠረት ሊስተካከል ይችላል። ሰው በማያየው ገደል አፋፍ ወይም ጫካ ብቻውን ባይሰማራ ይመረጣል።

የቤተሰቡ ሸክም የማን ነው?

የልጅ የስኳር ሕመም የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። መርፌው በቀን ሁለቴ ወይም ከዚያ በላይ ይወጋል፤ ምግቡ ይመጠናል፤ በየጊዜው ክትትል ይኬዳል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በእናት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አባትም፣ ታላቅ እኅትና ወንድምም መርፌ መውጋትንና የስኳር መውረድ ምልክትን ቢማሩ እናት ስትታመም ወይም ገበያ ስትውል ልጁ ያለ መድኃኒት አይቀርም። ልጁ ከፍ ሲል ራሱ መውጋት ሊለምድ ይችላል፤ በጉርምስና ዕድሜ ግን ብዙ ልጆች ስለሚሰለቹና ስለሚያፍሩ የወላጅ ዓይን ሊለያቸው አይገባም።

ሌላው ሸክም ምስጢር መጠበቅ ነው። በተለይ የሴት ልጅ ሕመም ከተሰማ ባል አታገኝም በሚል ስጋት አንዳንድ ቤተሰብ ሕመሙን ይደብቃል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንዲሉ፣ የተደበቀ ሕመም የሚረዳው ጎረቤትም፣ የሚያስታውሰው መምህርም አያገኝም። በአግባቡ የታከመች ልጅ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች፤ በሐኪም ክትትል ጤናማ ልጅ መውለድም ትችላለች።

ወጪን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ትልቅ እገዛ አለው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ያለው ቤተሰብ የአባልነት መታወቂያውን በየዓመቱ በወቅቱ ማደስ አለበት፤ መክፈል የማይችል ከሆነም በቀበሌው በኩል ድጋፍ እንዲደረግለት ማመልከት ይችላል። እ.አ.አ በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም ለሕሙማንና ለቤተሰቦች ትምህርትና ድጋፍ ይሰጣል።

ርቀትን በማሳጠር ረገድ ጎንደር ጥሩ አርአያ አላት። በዚያ የሚገኙ ሐኪሞች የስኳርና ሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ከሆስፒታሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሕሙማንን በቅርባቸው እንዲያዩ አድርገዋል። ቀድሞ ለአንድ ጠርሙስ ኢንሱሊን ረጅም መንገድ ይጓዝ የነበረ ገበሬ ክትትሉን በአካባቢው ማግኘት ችሏል። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎችም የሚስማማው አሠራር ይህ ነው።

መንገድ ሲዘጋ የሚያስፈልገው ዝግጅትም ሊረሳ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ብዙ ሕክምናዎች ለጥቂት ቀናት ቢዘገዩ ሊካካሱ ይችላሉ፤ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ግን ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ቀናት እንኳ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ቤተሰብ የያዘው ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መድኃኒቱን ቢተካ፣ የጤና ተቋማትም የእነዚህን ልጆች ዝርዝር ይዘው የመጠባበቂያ ክምችት ቢለዩላቸው፣ ግጭት ወይም የክረምት ጎርፍ መንገድ ቢዘጋ የጥቂት ልጆች ሕይወት በጥቂት ጠርሙሶች ሊተርፍ ይችላል።

በወሎ ሰው ሲሞት ቀብር የሚያስፈጽመውና ሐዘንተኛን የሚደግፈው ቅሬ፣ በአጨዳ ጊዜ በደቦ የሚተጋገዘው ገበሬ፣ በሰንበቴና በመስጊድ የሚሰበሰበው ምእመን ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ከሩቅ ከሚመጣ እርዳታ ይልቅ ቅርብ ናቸው። እናት ልጇን ይዛ ሆስፒታል ስትሰነብት ማሳውን የሚያጭድላት፣ የክትትል ቀን ሲደርስ የመሳፈሪያ የሚያዋጣላት፣ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ሲወርድ መድኃኒቱን ተቀብሎ የሚያደርስላት ጎረቤት ያላት እናት የልጇን መርፌ አታቋርጥም። ኢንሱሊን ያልተቋረጠበት ልጅ ደግሞ ወደፊት የራሱን ማሳ የሚያርስ፣ በራሱ ቅሬም ለሌላው የሚደርስ ሰው ይሆናል።